የእህቴ ቁጥር አይካፈልም

መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ
መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሙናዊር ነኝ ላልከኝ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታ ለማንም አይከለከልምና እሱን አስቀድሜያለሁ።

ደብዳቤህ በሹፌሩ በዱባለ እጅ ደርሶኛል። "አንተ" ያልኩህ ወንድሜ ከሆንክ ብዬ ነው። ካልሆኑ "እርስዎ" ማለት ነበረብኝ፤ አባቴ የማላውቀውን ሰው አንተ እንድል አላሳደገኝም። ለጊዜው በአንተ እቀጥላለሁ፤ ስሕተት ከሆነ በኋላ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንዴት ከረማችሁ ላልከው፣ ደህና ነን። "ለአባባ እጁን ሳሚልኝ" ብለሃል። አባባ ከሞተ ስድስት ዓመት አለፈው። ይህን አለማወቅህን ይዤ ብዙ አሰብኩ። እውነተኛ ወንድሜም ሩቅ ስላለ ላያውቅ ይችላል፣ ውሸታም ሰውም አያውቅም። ስለዚህ ምንም አልጠቀመኝም። ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ምድጃውንና ማንደጃውን ጋሽ ወርቁ ከውራጅ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፣ እኔ እሸጣለሁ። አሁንም ዕቃ ተጠቅልሎበት የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ሳላነብ አይጣልም።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ ልምጣ። "ታምሜያለሁ፣ ሰልሴን ሳላይ እንዳልሞት ከዱባለ ጋር ላኪልኝ" ብለሃል። ሰልሰቢል አባቷ ሲሄድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን አሥራ ሰባት ሆኗታል። እናቷ ቀድማ ሞታ ስለነበር ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አንድ ክረምት ወርቅ ቆፍሬ እመለሳለሁ ብሎ ዲማ የወረደው ወንድሜ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልላከም። ወረቀቱ እውነት ከሆነ ልጅን ከሚሞት አባቷ መከልከል ግፍ ነው። ውሸት ከሆነ ግን ልጅቷን በገዛ እጄ መኪና ላይ ጫንኳት ማለት ነው። የጎረቤቴ የሐዋ ልጅ "አጎትሽ ይፈልግሻል" የሚል ወረቀት ተከትላ ከሄደች ወዲህ ስልኳ አይጠራም።

ባለፈው ስትደውል የሰማሁት ሹክሹክታ ነው። ሳንባዬን አቧራ በላው አልከኝ። ሹክሹክታ የማንም ሰው ድምፅ ነው። በቴሌግራም የተላከውም ፎቶ ጢምና ብርድ ልብስ ብቻ ነው። የእጅ ጽሑፉ ደግሞ ጭራሽ የሙናዊር አይደለም፤ ሙናዊር "ሐ"ን የወደቀ በርጩማ አስመስሎ ነበር የሚጽፋት። የአባታችንን ስም፣ የሱቃችንን በር፣ ዓርብ ዓርብ አንዋር መስጊድ የምንቆምበትን ጥግ መጻፍህን ሰልሰቢል ማስረጃ ነው አለችኝ። የተራው ወዛደር ሁሉ የሚያውቀውን ነው የጻፍከው አልኳት።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ልጆች ሆነን በዘይት ቆርቆሮ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በአባባ የቁጥር መምቻ ብረት የመታነው ቁጥር ይህ ነው፦ 570419077። በሆዱ ያሉትን እምቢተኞች ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልጨምርም።

ሰልሰቢል ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ይህን ስጽፍ አይታ፣ "እምቢተኛ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል ቁጥር።"

"እንዳንቺ ነዋ!" ብላ ሳቀችብኝ። ሳታገባ ያረጀች አክስት ያለቻት ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ትላለች።

ሐጀራ ሙህዲን


ዲማ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

እቴ ሐጀራ፣

ዓለይኩም ሰላም። አባባ መሞቱን ከወረቀትሽ ሰማሁ። የሚያነብልኝ ሰው ከዚያ መስመር በኋላ እንዲያቆም ለመንኩት፤ የቀረውን ያነበበልኝ በማግስቱ ነው። አላህ ይማረው። እጁን ሳሚልኝ ያልኩሽን እንዳልሰማሽ ቁጠሪልኝ።

ጽሑፉ የኔ አለመሆኑን በማወቅሽ አልተቀየምኩም። ቀኝ እጄ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ወድቆበት ጣቶቹ አይታጠፉም። የምናገረውን የሚጽፍልኝ መምህር ኃይለልዑል የሚባል የዚህ አገር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። ስለ በርጩማዋ ግን ተበድያለሁ። ሐዬ አልወደቀችም፤ ዘንበል ነው ያለችው።

ዝም ያልኩት በመጀመሪያው ዓመት ባዶ እጄን ላለመምጣት ነው። በሁለተኛው አንደኛውን ዓመት ስላፈርኩበት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እንዲሁ ነው የሄደው። ስለ ሕመሜ አታስቢ፣ ሲነጋ ይሻለኛል።

የጠየቅሽኝ ቁጥር በሆዱ የያዛቸው 83፣ 229 እና 30011 ናቸው።

እቴ፣ በደብዳቤሽ "አንተ" እና "እርስዎ" መካከል ቆመሽ አየሁሽ። ገበያ ላይ ሰው ስታጣሪም እንዲሁ ነበርሽ፤ ሎሚ ስትገዢ ባለሎሚውን ታስምይዋለሽ። ሰልሴን ግን ቶሎ ላኪልኝ። ዱባለ በሚቀጥለው ሲመለስ።

ወንድምሽ ሙናዊር


መርካቶ
ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማላውቅዎ ሰው፣

እንደምን ሰነበቱ። ከእንግዲህ "እርስዎ" እልዎታለሁ።

መልስዎ ትክክል ነው። ስለዚህ እርስዎ ሙናዊር አይደሉም።

ይህን እንዴት እንደደረስኩበት ልንገርዎት፤ ሌላ ሰው ላይ ደግመው እንዳይሠሩበት ጭምር። ደብዳቤዎን እንደተቀበልኩ የካርቶን ክዳን ገልብጬ ሦስቱን ቁጥሮች አባዛኋቸው። 570419077 ወጣ። ድጋሚ አባዛሁ፤ አሁንም ያው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ለሦስተኛ ጊዜ ማባዛት ጀመርኩ። ወንድሜና እኔ በልጅነታችን ያንን ቁጥር የሠራነው ከሦስት ሳይሆን ከሁለት እምቢተኞች ነበር። አንዱን እኔ አገኘሁ፣ አንዱን እሱ፤ ከዚያ አባዛናቸው። ሁለት መሆናቸውን አልነገርኩዎትም ነበር። ዛሬ እርስዎ በላኩልኝ መልስ ከሁለቱ አንዱ እምቢተኛ እንዳልነበረ ታወቀ፤ ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች ውስጡ ተደብቀው ኖረዋል። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። ወንድሜ ቢሆን ኖሮ ከእኔ ጋር ይሳሳት ነበር።

ሰልሰቢል ልብሷን በፌስታል አዘጋጅታ ነበር የጠበቀችው።

"መልሱ ልክ ነው?" አለችኝ።

"ልክ ነው።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"ልክ ስለሆነ ነው።"

"ሐጅዬ በአላህ! ሰው ተሳስቶ ይያዛል እንጂ ልክ መልሶ ይያዛል እንዴ?"

ተቆጥታ ወጣች። እኔም ዱባለን ፈልጌ ሄድኩ፤ እህል በረንዳ ጫፍ መኪናውን ሲያስጭን አገኘሁት። ሰውየውን በዓይንህ አይተኸዋል ወይ አልኩት። ጭንቅላቱን አከከ።

"እትዬ ሐጀራ፣ እኔ ባልዲና አካፋ ነው የማመላልሰው። እርስዎ ደግሞ መርማሪ አደረጉኝ።"

"አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም?"

"ደብዳቤውን የሚሰጠኝ መምህሩ ነው። በሽተኛውን ቤት ገብቼ አላየሁም። ያስላል የሚል ሰምቻለሁ።"

ይኸው። አንድ ሹፌር፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ሳል። በመሃል ሰው የለም።

ነገር ግን አንድ የሚያስጨንቀኝ አለ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለሱ ነው። ልጅቷን "ሰልሴ" ብለዋታል። እንዲህ ብሎ የሚጠራት አባቷ ብቻ ነበር፤ እሱ ከሄደ ወዲህ እኛ ቤት ይህ ስም አልተጠራም። ባለሎሚውን ማስማሌንም ያውቃሉ። ስለዚህ ወንድሜን አግኝተውታል፤ አጠገቡ ተቀምጠው ሲያወራ ሰምተውታል። የት ነው ያለው? ሞቶ ከሆነ መቃብሩን ይንገሩኝ። በሕይወት ካለ ስሙን ይመልሱለት። ሰልሰቢል እንደሆነች አትመጣም።

ሐጀራ ሙህዲን


ዲማ
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሐጀራ ሙህዲን፣

በቅድሚያ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በራሴ ስም ነው። ኃይለልዑል እባላለሁ፤ ዲማ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ። እሑድ እሑድ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ቆፋሪዎች ደብዳቤ እጽፋለሁ። ወንድምዎ መጻፍ ቢያውቅም እጁ አይታዘዘውም።

ጥፋቱ የኔ ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤዎን ሳነብለት ሙናዊር ዓይኑን ጨፍኖ "19007 እና 30011" አለኝ። ሌላ አላለም። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና የተሳሳተ ነገር አይቼ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስልኬ ላይ ሞከርኩት። 30011 በእርግጥ ፕራይም ነው፤ እርስዎ እምቢተኛ የሚሉት። 19007 ግን ለ83 ይካፈላል። ይህን ስነግረው ከትራሱ ቀና ብሎ ተቆጣኝ። "የእህቴ ቁጥር አይካፈልም! እንዳልኩህ ጻፍ" አለኝ።

እሺ አልኩትና ትክክለኛውን ጻፍኩ። በእህቱ ፊት እንዳያፍር ብዬ ነበር። ሦስት ቁጥር መጻፌን እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር፤ የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብለት ነው የሰማው። 

ዱባለን ቤት ያላስገባሁት ሙናዊር የመርካቶ ሰው በዚህ ሁኔታ እንዲያየው ስለማይፈልግ ነው። ስለ ጤንነቱ እንዳልጽፍልዎ አስምሎኛል። ስለዚህ አልጽፍም። ዱባለ ግን እንዳይዘገይ ቢያደርጉ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ኃይለልዑል


መርካቶ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመምህር ኃይለልዑል፣

ጤና ይስጥልኝ። በራስዎ ስም ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። እውነተኛ ስምዎ ከሆነ።

አይቀየሙኝ። ሦስት ብለው ሲጽፉ፣ ሁለት ነው ብዬ ነገርኩዎት። አሁን ሁለት ብለው ጻፉ። ይህ ለአንድ ሒሳብ አዋቂ ቀላል ነው፤ ሦስቱን እምቢተኞች ሁለት ለማድረግ አንዱን ከአንዱ ጋር ማባዛት ነው። ይህም የሚሆነው በሦስት መንገድ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱን መርጠው ጽፈውልኛል። የመረጡት ትክክለኛውን ይሁን አይሁን አልነግርዎትም። በሩን ከዘጋሁብዎ በኋላ በመስኮት እንዳይገቡ ነው።

"የእህቴ ቁጥር አይካፈልም" የሚለውን ሳነብ ግን ወረቀቱን ማስቀመጥ ነበረብኝ። ሙናዊር ቢሆን እንዲህ ይል ነበር። እርስዎም ጎበዝ ሰው ከሆኑ እንዲህ ይላል ብለው ይጽፉ ነበር። ከዚህ በላይ አላልፍ አልኩ።

ሰልሰቢል ከኔ ጋር እራት መብላት ካቆመች ሰንብታለች። ትናንት ጋሽ ወርቁ መዶሻውን አስቀምጦ ሊያስታርቀን ሞከረ።

"ልጅቷ እኮ አባቷን ነው የምትፈልገው፣ ሐጀራ።"

"እኔም አባቷን ነው የምፈልገው፤ ሌላ ሰው እንዳይሆን ነው።"

በሰልሰቢል በኩል የመጣው ግን ከባድ ነበር። "አባቴ ሒሳብ ስለወደቀ ነው ሳላየው የሚሞተው?" አለችኝ።  እኔ ተሳስቼ እሱ እውነተኛ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ደብዳቤ የሚፈጀው ጊዜ ከሱ ትንፋሽ ላይ ነው የሚቆረጠው። ይህን አታስብም ብለው አይፍረዱብኝ።

አንድ የመጨረሻ ነገር እለምንዎታለሁ። እምቢተኞችን የተማርነው የእርድ ቅመም ተጠቅልሎበት ከመጣ የመጽሐፍ ገጽ ነው፤ እስከ ሁለት መቶ ያሉት በረድፍ ታትመውበት ነበር። አባባ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ እኛ በመዶሻው ምት እያዜምን በቃል ያዝናቸው። አዲስ ቁጥር ስናገኝ በዜማው ቅደም ተከተል አንድ በአንድ እያካፈልን እንፈትነዋለን። ያ ገጽ አሁንም ክዳኑ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል። ከደብዳቤዎ በኋላ አውጥቼ አየሁት። ያየሁትን አልነግርዎትም፤ ለሰልሰቢልም አልነገርኳትም።

ሙናዊር ከ71 እስከ 101 ያለውን በእኛ ዜማ ይበልልኝ። እርስዎ አጠገቡ ቁጭ ብለው እንዳለው ይጻፉ። ቢሳሳት ስሕተቱን ይጻፉ። ቢያስል ሳሉን ይጻፉ። ምንም አይጨምሩ፣ ምንም አያርሙ። ዱባለ መልሱን ሳይዝ እንዳይመለስ ነግሬዋለሁ፤ "እትዬ፣ በሚቀጥለው ፈተናውን እኔ ላይ እንዳይጀምሩ" ብሎ ነው የሄደው።

ሐጀራ


ዲማ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐጀራ፣

እንዳዘዙኝ አደረግሁ። ዱባለም በዚህ ጊዜ ቤት ገብቶ በሩ ሥር ቆሞ ነበር፤ ሙናዊር "ይግባ፣ ካልሆነ እህቴ አታምንም" ስላለኝ ነው። ዱባለ ያየውን ራሱ ይንገርዎት።

ደብዳቤዎን ሳነብለት "ዜማ" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ፈገግ አለ። በግራ እጁ የአልጋውን ብረት መታ መታ አደረገ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

71። 73። 79።

እዚህ ላይ አቆመ። አፉን ከፍቶ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ሕመሙ የተነሣበት መስሎኝ ውኃ ላመጣ ብድግ አልኩ። በእጁ ቁጭ በል አለኝ፤ አልጋውን መምታቱንም አላቋረጠም። ቀጥሎ፦

89። 97። 101።

አላረምኩትም። እንደ ጨረሰ ግን እንዲደግመው ለመንኩት፤ ሕመም ይሁን ሌላ ነገር ለማወቅ ነው። ደገመው። ከ79 በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ትንፋሽ ወሰደ፤ ሌላ ቦታ ላይ አልወሰደም። "83ስ?" አልኩት። ይህ እርማት ከሆነ ይቅርታ፤ ጥያቄ ነው ብዬ ነው።

"እዚያ ጋ ቁጥር የለም፤ ትንፋሽ ነው የሚወሰደው" አለኝ። ሳቀ፣ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉን ይጻፉ ብለውኛልና ጻፍኩት፤ ረጅም ነበር።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። እርስዎ እንደሚገባዎት ግን እሱ እርግጠኛ ነው።

ኃይለልዑል


መርካቶ
ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሙኔ፣

አንተ።

ገጹ እፊቴ ተዘርግቷል። እርዱ እስካሁን አልለቀቀውም። ከ79 ቀጥሎ፣ ከ89 በፊት፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ዳር ዳሯ ጠቁሯል። የአባባ የቀለጠ እርሳስ ጠብታ ያረፈባት ናት። እኛ እጅ ሲገባ የተቃጠለ ነበር፤ እዚያ ምን እንደነበረ የሚነግረን ሰው አልነበረም። ባዶ ቦታ ሲያጋጥመን ዜማው እንዳይሰበር ትንፋሽ እንወስድ ነበር። ለዚህ ነው ቁጥሬን በ83 ሳንፈትናት የቀረነው። ይህን ሁሉ ዘመን 19007ን የተሸከምኳት በአንድ ቀዳዳ ምክንያት ነው። መምህሩ ልክ ነው፤ ትካፈላለች። አንተም ልክ ነህ።

ዱባለ ገብቶ ሲነግረኝ ኮፍያውን አውልቆ ነበር። አይቶሃል። የአባባን አፍንጫ ነው የገለጸልኝ፤ ከዚያ በላይ እንዲናገር አልፈቀድኩለትም። ለሰልሰቢል ሐን እንዴት እንደምትጽፋት አሳየኋት። "በርጩማዋ በእርግጥ ወድቃለች" ብላለች፤ ስንደርስ ተጨቃጨቁባት።

ልጅህን ከዱባለ ጋር አልልክልህም። ይዣት እመጣለሁ። ሱቁን ለጋሽ ወርቁ ትቼለታለሁ፤ የዱባለን መኪና ሰሌዳም ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። አትሳቅብኝ፣ ያስልሃል። ዛሬ ከሰዓት እንነሣለን፤ ይህ ደብዳቤ ግን ዛሬ ጠዋት በሚወጣው በሌላ መኪና ይቀድመናል። ገጹንም ይዤልህ እመጣለሁ።

መምህር ኃይለልዑል፣ ይህን የሚያነቡለት እርስዎ ነዎትና ለእርስዎም አንድ ቃል አለኝ። የበደልኩዎትን ስደርስ በአካል እክሳለሁ። እስከዚያ ግን ዜማውን ሲል ከ79 በኋላ ቢዘገይ ዝም ብለው ይጠብቁት፤ እባክዎ አያርሙት።

ሐጀራ